የመኪና ትርፍ ቁልፍ ሪሞት አልሠራ ሲል፦ ኮፒ ይገዛ ወይስ ኦሪጅናሉ ይጠገን?

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ በየተራ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «የትርፉ ቁልፍ ሪሞት አልሠራ አለኝ፣ ኮፒ ልግዛ?» ሦስቱም እዚሁ ደብረ ማርቆስ የሚነዱ ናቸው። መልሴ አንድ ነው፤ ኦሪጅናሉን ሳታስጠግኑ ኮፒ አትግዙ። እኔ ይህን ያወቅኩት 2,800 ብር ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ቪትዝ አለችኝ። ዋናው ቁልፍ እኔ ጋ ይውላል፣ ትርፉ ቤት ይቀመጣል። አምና ክረምት ባለቤቴ ትርፉን ይዛ ገበያ ወጣች። ስትመለስ ዝናቡ እየወረደባት ሪሞቱን ብትጫነው ብትጫነው በሩ አልከፈት አላት፣ በመጨረሻ በቁልፉ ከፍታ ገባች። በማግስቱ ድንጋዩን ቀየርኩለት፣ ያው ነው። ባለሱቁ «አልቆለታል፣ ኮፒ አለ» አለኝ። ሪሞቱን 2,000 ብር ገዛሁ፣ መኪናዋ እንድታውቀው ለማስመዝገብ ደግሞ 800 ከፈልኩ። ሦስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ የመክፈቻው መጫኛ ወደ ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ልመልስ ብሄድ «የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዋስትና የለውም» ተባልኩ።

ኦሪጅናሉን አልጣልኩትም ነበር። ሞባይል የሚጠግን ልጅ ጋ ወሰድኩት። ከፍቶ በማጉያው አየና «ጋሼ፣ ይሄ'ኮ ምንም አልሆነም» አለኝ። ድንጋዩን የሚይዘው ቀጭን ብረት ቦርዱ ላይ የተበየደበት ቦታ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። በጥፍሩ ጫን ሲያደርጋት መብራቷ ትበራለች፣ ሲለቃት ትጠፋለች። በየዳት። 200 ብር። እስከ ዛሬ ይሠራል።

ስለዚህ ሒሳቡን እዩት፤ ጥገና 200፣ ኮፒ 2,800። በዚያ ልዩነት ስንት ሊትር ቤንዚን ይቀዳ ነበር!

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ዋናውን ቁልፍ ሞክሩ። እሱ ከሠራ መኪናው ደህና ነው፣ ችግሩ ትርፉ ላይ ነው። ሁለቱም እምቢ ካሉ ሪሞት መግዛት ምንም አይፈይድም፤ ፊውዙንና የመኪናውን ባትሪ አሳዩ። ቀጥሎ ድንጋዩን በቴስተር አስለኩ። አዲስ የ3 ቮልት ድንጋይ ከ3 በላይ ያሳያል። 2.8 ገደማ ከወረደ ቀይሩት፣ በተለይ እንደኛ አገር ጠዋት ጠዋት በሚበርድበት፤ ደካማ ድንጋይ ብርድ አይችልም። ድንጋዩ አዲስ ሆኖ ካልሠራ ብየዳውን ወይም የመጫኛዎቹን ግንኙነት ጠርጥሩ። ቆሻሻ ከሆነ በአልኮል ሲጠረግ ይነሳል። ሌላው፣ አንዳንድ መኪና ላይ ሪሞቱ ከመኪናው ርቆ ብዙ ጊዜ ከተጫነ የሚልከው ኮድ መኪናው ከሚጠብቀው ጋር ይለያያል። ኪስ ውስጥ ወይም ሕፃን እጅ ላይ የዋለ ቁልፍ እንዲህ ይሆናል። እንደገና ማስተዋወቅ ነው እንጂ ሪሞቱ አልሞተም።

ኮፒ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። መልኩ አንድ ስለሆነ ብቻ አይሠራም። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ መኪኖች የሪሞት ሞገድ (ፍሪኩዌንሲ) በአብዛኛው 433 ሜጋኸርዝ ነው፣ የጃፓኖቹ 315 አካባቢ። ካልገጠመ ቀኑን ሙሉ ብትጫኑት መኪናው አይሰማም። «ከዋናው ላይ ቀድቼ እሰጥሃለሁ» የሚላችሁን ደግሞ አትመኑ። የብዙ መኪና ሪሞት በተጫነ ቁጥር ኮዱን ይቀያይራል፣ የተቀዳው ኮድ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ለማስመዝገብም ስትሄዱ ሁለቱንም ቁልፍ ያዙ። አንዳንዱ አመዘጋገብ የድሮውን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፣ ደህና የነበረው ዋና ሪሞታችሁ ዝም ብሎ ታገኙታላችሁ።

ያገለገለ ኦሪጅናል ከኮፒ ይሻላል፣ መጫኛው ጠንካራ ነው። እኔ የተጠየቅኩት 3,500 ብር ነው፣ በጥገና የሚድን እያለ ለምን ብዬ ተውኩት። ያለ ቁልፍ በመጫን ብቻ የሚነሳ መኪና ላላችሁ ግን አይሆንም፤ የእነሱ ሪሞት አንዴ አንድ መኪና ላይ ከተመዘገበ ብዙውን ጊዜ ለሌላ አይገባም።

ካቨሩ ብቻ ከተሰበረ ካቨር ግዙ፣ እኔ በ600 አግኝቻለሁ። እዚህ ላይ አደራ፤ አሮጌውን ካቨር ወዲያው አትጣሉ። ሞተር የሚያስነሳው ቺፕ በብዙ ቁልፎች ውስጥ ከቦርዱ ተለይቶ ካቨሩ ላይ ተጣብቆ ነው ያለው፣ እንደ ሩዝ ፍሬ ትንሽ ነገር ነው። ድንጋይም አይፈልግም። ሪሞቱ ሞቶም መኪናው የሚነሳው በእሱ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ቦርዱን አዛውሮ አሮጌውን ጣለ። በሩ ተከፈተ፣ ሞተሩ ግን አልነሳም። ቆሻሻ ሲበረብሩ አመሹ።

ኮፒ የምመክረው ቦርዱ ውኃ ገብቶት መስመሮቹ አረንጓዴ ሆነው ከተበሉ ወይም ቁልፉ ከጠፋ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን መኪናችሁ ላይ ተመዝግቦ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ተጭናችሁት ካልሆነ ብሩን አትክፈሉ።

ሦስተኛው ጓደኛዬ ትናንት ማታ ቁልፉን ይዞ ቤት መጣ። ከፈትነው። 2032 የሚባለውን ድንጋይ የሚፈልገው ላይ 2016 የሚባለው ነው የገባው፤ ስፋቱ እኩል ነው፣ ውፍረቱ ግን ግማሽ፣ ብረቱን በደንብ አይነካም። ቀየርነው። 80 ብር። በመስኮት ሆኖ ተጫነው፣ ግቢ ውስጥ የቆመችው መኪናው መብራቷን ብልጭ አደረገች።