ሦስት መስኮቶች፤ ደሴ ላይ ምክር ቤቱ፣ ይዞታውና ችሎቱ ለባለጉዳይ ምን ያህል ይሠራሉ?

ደሴ ውስጥ ቤት ያለው ሰው ከከተማው አስተዳደር ጋር የሚገናኘው በሦስት መስኮት ነው። አንደኛው መንገድና ቦይ የሚመደብበት የምክር ቤቱ በጀት ነው። ሁለተኛው ካርታና ስም ዝውውር የሚያልቅበት የይዞታ ቢሮ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሌላው ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር የሚኬድበት ችሎት። ሦስቱን አንድ ላይ መመዘን የተፈለገው አንዱ መስኮት ላይ የተረሳ ወረቀት ሌላው መስኮት ላይ ዓመት ስለሚበላ ነው። ፍርዳችን አስቀድሞ ይነገር፦ ተዘጋጅቶ ለሚሄድ ሰው ይዞታው ከሦስቱ የተሻለ ያገለግላል፤ ችሎቱ የታሰበለትን ሥራ ይሠራል፣ ነገር ግን ያለቦታው ይጠራል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ ጠያቂ ያጣ መስኮት ነው።

ከይዞታው እንጀምር። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከስፋት ልዩነት ነው። በድሮው ካርታ 200 ካሬ ሜትር የተጻፈው ቦታ በአዲሱ ልኬት 191 ወይም 192 ሆኖ ሲመጣ ባለቤቱ ቦታው የተቆረሰ ይመስለዋል፤ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ ጠበቃ ይፈልጋል። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ወደ ታች በሚወርዱት ሰፈሮች ግን ከጎረቤት በፊት መጠርጠር ያለበት ሜትሩ ነው። ድሮ የሚለካው ሜትር መሬት ለመሬት በመዘርጋት ነበር። ፕላን የሚሠራው ግን በአግድም ርቀት ነው። ተዳፋቱ 30 በመቶ በሆነበት ቦታ መሬት ለመሬት የተለካ 20 ሜትር በፕላን ላይ 19 ሜትር ከ16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወርዱ 10 ሜትር ከሆነ ስምንት ካሬ የሚያህል ማንም ሳይነካው በወረቀት ላይ «ጠፋ» ማለት ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ይህ ጣጣ ብዙም አይሰማም፤ ደሴ ላይ ግን ክስ ከመክፈት በፊት ቀያሹን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ይኸው ነው፦ የድሮው ልኬት የተዳፋት ነው ወይስ የአግድም? የማዕዘን ድንጋዮቹ ካልተነሱና የአጥር መስመሩ ካልተቀየረ ጉዳዩ የልኬት ማስተካከያ እንጂ የድንበር ክርክር አይደለም። ድጋፍ ግንብ ያለበት ቦታ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ይበጃል፤ ወሰኑ በግንቡ ራስ ነው በግንቡ እግር የሚለው በፕላኑ ላይ ካልተመለከተ ግንቡ የፈረሰ ክረምት ጠቡ ይመጣል።

ሁለተኛው መሰናክል የስም ፊደል ነው፤ ወሎ ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። በካርታው መሐመድ፣ በመታወቂያው ሙሐመድ፣ በፋይዳው መሀመድ፤ አባት እንድሪስ፣ ሌላው ላይ ኢድሪስ። ጆሮ አንድ ሰው ይለዋል፤ ፋይል ሦስት ሰው ይለዋል። ይህን ለማስተካከል ገዢ እስኪገኝ መጠበቅ ትልቅ ስህተት ነው። ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸው እንዲረጋገጥ ለወረዳ ፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብ፣ ምስክር ማሰማት፣ ውሳኔውን ይዞ ወደ ይዞታ መመለስ የሚቻለው ሻጭ በሕይወት እያለና ምስክሮቹ በከተማው እያሉ ነው። ከሞተ በኋላ ያው አቤቱታ ከወራሽነት ማረጋገጫው ጋር ተደርቦ እጥፍ ይሆናል።

ስም ዝውውሩ ራሱ ቅደም ተከተሉን ለጠበቀ ሰው አያስቸግርም። መጀመሪያ ፋይሉ መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ ከ2014ቱ ጦርነት በፊት በወጣ ካርታ የሚሸጥ ወይም የሚገዛ ሰው ቀብድ ሳይቀባበል የመዝገብ ቤቱ ኮፒ ከእጁ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ይይ። ቀጥሎ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑ ይጣራል፦ የባንክ መያዣ፣ የፍርድ ቤት እግድ፣ ያልተከፈለ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር። ይህ ግብር ለረጅም ዘመን መነሻው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነበር፤ ያልተከፈሉት ዓመታት ተደማምረው የሚወጡት ልክ በዝውውሩ ቀን ስለሆነ ሻጭና ገዢ ማን እንደሚከፍል ውላቸው ላይ ይጻፉት። ከዚያ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ይመጣል። ያገባ ሰው የጋራ ቤት ብቻውን ሊሸጥ አይችልም፤ «ባለቤቴ ተስማምታለች» የሚል ቃል በዚህ መስኮት ዋጋ የለውም፤ ራሷ ቀርባ ትፈርማለች ወይም ውክልና ትሰጣለች።

ውክልና ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ በተለይ ዐረብ አገር ያሉ ልጆች ለወንድም ወይም ለእናት የሚልኩት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አጠቃላይ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል፤ ማከራየት፣ ግብር መክፈል፣ ማደስ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ አንቀጽ 2205 ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። ስለዚህ ኤምባሲ ላይ ሲጻፍ «ቤቴን እንዲሸጥ፣ ገንዘቡን እንዲቀበል፣ ስም እንዲያዛውር» ተብሎ ይዘርዘር፤ የካርታ ቁጥሩም ይግባበት። ከኤምባሲ የመጣው ወረቀት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ሳያልፍ ቀጥታ ደሴ ከመጣ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መንገዱ እንደገና 400 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ነው።

የመንደር ውልን በሚመለከት አጭር እንሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። በሰፈር ሽማግሌዎች ፊት፣ አራት ምስክር ተቆጥሮ፣ ቡና ተጠጥቶ የተፈረመ ወረቀት የሚያስከብር ሊመስል ይችላል፤ ሻጩ የካደ ቀን ግን ገዢው የሚቀረው ገንዘቡን ለማስመለስ መሟገት ነው። ውሉ ላይ የሚሸጠውም ቤቱ ነው፤ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም። «ቦታዬን ሸጫለሁ» ብሎ የሚጀምር ውል በገዛ ቃሉ ራሱን ይጥላል።

የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው። ቤቱ በ3 ሚሊዮን ብር ከተገመተ 60 ሺህ ብር ማለት ነው። ዋጋ አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ብልጠት ቢሆንም መስኮቱ የራሱን ግምት ስለሚጠቀም ብዙም አያተርፍም፤ ይልቁን ነገ ውሉ ቢፈርስ ገዢው የሚመለስለት የተጻፈው ገንዘብ ብቻ እንዳይሆን ያስፈራል።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ገንዘቡ ሁለት ኪስ አለው፤ ይህን ያልለየ ጥያቄ መልስ አያገኝም። አንደኛው መደበኛው ነው፤ ከክልሉ በቀመር የሚመጣው ድጎማ ያለበትና በአብዛኛው የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የሠራተኛው ደመወዝ የሚያልፍበት። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው፦ ሊዝ፣ የቦታና የሱቅ ኪራይ፣ የአገልግሎት ክፍያ። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቦይ፣ የመንገድ መብራትና ቆሻሻ የሚጠየቀው ከዚህኛው ነው። «በጀት የለም» የሚል መልስ ሲመጣ ተከታዩ ጥያቄ መሆን ያለበት «ከየትኛው?» ነው።

የደሴን መንገድ ክረምት ላይ ሲቆፈር ያየ ሰው ይናደዳል፤ ምክንያቱ ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። በጀቱ ሐምሌ ላይ ይጸድቃል፤ ጨረታው መስከረምና ጥቅምትን ይዞ ይሄዳል፤ ውል ተፈርሞ ተቋራጭ ሜዳ ሲገባ ጥር ይደርሳል። ወሎ ላይ ደግሞ የበልግ ዝናብ አለ፤ የካቲትና መጋቢት የተቆፈረው ቦይ ጭቃ ይሞላል። የሰኔ 30 ቀነ ገደብ ሲቀርብ ሥራው ይጣደፋል፤ ኮብልስቶኑ በደንብ ባልተጠቀጠቀ አሸዋ ላይ ይነጠፋል፤ ነሐሴ ላይ ይሰምጣል። ስለዚህ የሰፈር ኮሚቴ ጥያቄውን ሐምሌ ላይ ማቅረቡ ለመጪው ዓመት እንጂ ለያዝነው አይሆንም። ዕቅዱ በሚዘጋጅባቸው የካቲትና መጋቢት ላይ፣ የመንገዱ ርዝመትና ወርድ ተለክቶ፣ የቦዩ መውጫ ተመልክቶ፣ ነዋሪው የሚያዋጣው ድርሻ ተጽፎ ለቀበሌውና ለምክር ቤቱ ተመራጭ ከነቃለ ጉባኤው ይግባ። «መንገዳችን ተበላሽቷል» የሚል ማመልከቻና «180 ሜትር በ5 ሜትር፣ ውሃው የሚወርደው ወደ ቦርከና» የሚል ማመልከቻ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም። መውጫ ያልታሰበለት ቦይ ጎርፉን ወደ ታችኛው ጎረቤት ግቢ ይገፋል፤ ጉዳዩም ወደ ሦስተኛው መስኮት ይሻገራል።

ችሎቱን በሚመለከት የመጀመሪያው ነገር ቦታ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ክስ ንብረቱ ባለበት ይከፈታል፤ አዲስ አበባ የሚኖር ወራሽ የሆጤን ቤት ጉዳይ አዲስ አበባ ቢከፍት በመቃወሚያ ይዘጋበታል። ሁለተኛው ሕጉ ነው። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ጠቅሶ በደሴ ከተማ ጽሕፈት ቤት ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ከመነሻው ስቷል፤ ያ አዋጅ የተጻፈው ለፌዴራል ተቋማት ነው። ሦስተኛው ጥያቄው ነው። «ቦታ ይሰጠኝ»፣ «ሰነድ አልባ ይዞታዬ ይመዝገብልኝ» የአስተዳደር ጥያቄዎች ናቸው፤ ዳኛ ፊት ቢቀርቡ ሥልጣን የለኝም ተብለው ይመለሳሉ። «ካርታዬ ያላግባብ መከነ»፣ «ይህ ቤት የእኔ ነው» የሚሉት ግን የችሎት ናቸው። ካርታ የባለቤትነት ግምት ብቻ ይፈጥራል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1196 መሠረት ሊፈርስ የሚችል ግምት ነው፤ ስለዚህ ካርታ ያለው ሁሉ አያሸንፍም፣ የሌለውም ሁሉ አይሸነፍም።

ጊዜው ደግሞ ዋናው ወጥመድ ነው። ሁከት ይወገድልኝ፣ ማለትም ይዞታዬን የነካብኝ ሰው ይነሳልኝ፣ የሚል ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይወድቃል፤ «ሽማግሌ ይዞናል» ማለት ጊዜውን አያቆመውም። ይግባኝ 60 ቀን ነው። የውሳኔ ግልባጭ በተፈረደበት ዕለት ይጠየቅ፤ ግልባጩን ሲጠብቁ ቀኑ ያለፈባቸው ብዙ ናቸው። የእግድ ትእዛዝ ያገኘ ሰው ደብዳቤውን ለመላኪያ ቤት ትቶ ወደ ቤቱ አይግባ፤ በዚያው ቀን ይዞታው ጋር ቀርቦ በፋይሉ ላይ መያያዙን ይመልከት፤ በሁለት ቀን መዘግየት ዝውውሩ ሊያልቅ ይችላል።

አንድ ነገር ደሴን የሚመለከት ይቀራል። የውርስ ጉዳይ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊሄድ የሚችለው ሁሉም ተከራካሪዎች ሲስማሙ ብቻ ነው። ከወራሾቹ አንዱ ጅዳ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ አዲስ አበባ በሆነበት ቤተሰብ ይህ ስምምነት መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ ይያዝ፤ ጅዳ ያለው ወራሽ የላከው ውክልናም ይህን የመስማማት ሥልጣን ለወኪሉ መስጠቱ ይታይ።