ጠፍጣፋ እግር፦ ተረከዝ ማስተካከል ወይስ መገጣጠሚያ ማጣበቅ?

ደህና የነበረ እግር በጉልምስና ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከቁርጭምጭሚት በውስጥ በኩል የሚያልፈው ጅማት ነው። ጫማና ፊዚዮቴራፒ ካልረዱ ወደ ቀዶ ጥገና ይኬዳል።

እግሩ በእጅ ሲያስተካክሉት ቅርጹ የሚመለስ ከሆነ የተረከዝ አጥንት ተቆርጦ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይገፋና በብሎን ይታሰራል፤ ትንንሾቹን ጣቶች የሚያጥፈው ጅማት ደግሞ የደከመውን ይተካል። (ጣቶቹስ? ብዙም አይጎዱም።) መገጣጠሚያዎቹ መንቀሳቀሳቸውን አያቆሙም፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

እግሩ ደርቆ አርትራይተስ ከገባበት ግን ይሄኛው አያዋጣም። ያኔ ከቁርጭምጭሚት በታች ያሉ ሦስት መገጣጠሚያዎች ይጣበቃሉ፤ ማለትም አጥንቶቹ አንድ ላይ ገጥመው መንቀሳቀስ ያቆማሉ። ህመሙ ይቀንሳል፣ ግን ኮረኮንች ላይ እግር ወደ ጎን አልታዘዝ ይላል፣ ከዓመታት በኋላም ጫናው ቁርጭምጭሚት ላይ ሊያርፍ ይችላል። በሁለቱም ለሳምንታት ክራንች አይቀርም። የሚያጨስ ሰው ደግሞ አጥንቱ ቶሎ አይገጥምለትም።