የ«ባንድ 8 ቃላት» ፒዲኤፍ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆዩ

አይልትስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና) ልትፈተኑ እየተዘጋጃችሁ ከሆነ፣ ቴሌግራም ላይ «3,000 ከባድ ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው፣ ባንድ 8 ካልመጣ ገንዘብ ተመላሽ» የሚል ማስታወቂያ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም (ባንድ ማለት ከ9 የሚሰጠው ውጤት ነው)። እኔ 3,500 ብር ከፍዬ ገብቼበታለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሸመደድኩ። ራይቲንግ (የጽሑፍ ክፍሉ) 5.5 መጣልኝ። ብሬን ስጠይቅ መጀመሪያ «ቃላቱን በደንብ አልተጠቀምክባቸውም» አሉኝ፤ ደግሜ ስጽፍላቸው ብሎክ አደረጉኝ።

የብሩስ ይቅር። የሚያናድደኝ ያስተማሩኝ ነገር ነው። ፒዲኤፉ ላይ «ኖቶሪየስ» ከሚለው ቃል አጠገብ «ታዋቂ» ተብሎ ተጽፏል። ስፒኪንግ (የንግግር ክፍሉ) ላይ ስለማደንቀው መምህር አውራ ስባል፣ ያንን የመሰለ ሰው «ኖቶሪየስ ቲቸር» ብዬ አረፍኩት። ፈታኟ ፈገግ አለች፤ ወድዳው መስሎኝ ነበር። ቃሉ ለካ በክፉ ሥራው ስሙ ለወጣ ሰው የሚባል ነው! «ኮሚት» ደግሞ «ፈጸመ» ተብሏል። በአማርኛ ወንጀልም ይፈጸማል፣ ጋብቻም ይፈጸማል፣ ክፍያም ይፈጸማል። በእንግሊዝኛ ግን ወንጀሉን እንጂ ጋብቻውንና ክፍያውን «ኮሚት» አይሉትም። እኔ ድርሰቴ ላይ ክፍያ ሳይቀር «ኮሚት» አድርጌያለሁ።

ራይቲንግ የሚታረመው በአራት መስፈርት ነው፦ ጥያቄውን መመለስ፣ የሐሳብ ፍሰት፣ ቃላት እና ሰዋስው፤ አራቱም እኩል ነጥብ አላቸው። ቃላት ሩብ ብቻ ነው ማለት ነው። እሱም ቢሆን ቃሉ ቦታው ላይ መቀመጡ፣ ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚሄድ ማወቃችሁ ይታያል እንጂ ክብደቱ ብቻ አይመዘንም። መስፈርቱ በነጻ ተለቅቋል፤ ገብቼ ያነበብኩት ከወደቅኩ በኋላ መሆኑ ነው ጅልነቴ። አራሚዎቹ ደግሞ የተሸመደደ ነገር ለይተው እንዲያውቁ የሠለጠኑ ናቸው።

«ምስጢራዊ» የተባሉት የፒዲኤፉ የመጀመሪያ ገጾችስ? «አናላይዝ፣ አፕሮች፣ ኤሪያ፣ አሰስ» እያሉ ይቀጥላሉ። ይህ እኮ አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ምሁር በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «አካዳሚክ ወርድ ሊስት» ነው! 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ) በአሥር ክፍል ተከፍለው በነጻ ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች አማርኛ ለጥፈውበት (ያውም የተሳሳተ) ይሸጡታል። ዝርዝሩ ራሱ ጥሩ ነው። በነጻ አውርዱትና እያንዳንዱን ቃል በእንግሊዝኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከነምሳሌ ዓረፍተ ነገሩ እዩት። በቀን አምስት ቃል እንኳ ከበቂ በላይ ነው፤ እኔ ሃምሳ ነበር የምሸመድደው።

«ቪአይፒ» የሚሉት ሌላ ግሩፕም አላቸው፤ «የሚወጣው ጥያቄ ቀድሞ ደርሶናል» የሚሉበት። እሱ ላይ ብራችሁን ብቻ አይደለም የምታጡት፤ ማጭበርበር ከተገኘ ውጤታችሁም ይሰረዛል።

ትናንት ሳይ ቻናሉ ስሙን ቀይሯል፤ ዋጋው 4,000 ገብቷል። ስሙ በጥቁር የተሸፈነው የ8.5 ውጤት ወረቀት ግን ያው የድሮው ነው።