ቬራሶኒክስ ቫንቴጅ 256፦ የቀይ ደም ሴል መደራረብን ለመለካት

ቬራሶኒክስ ቫንቴጅ 256 የምርምር አልትራሳውንድ ማሽን ነው፤ ድምፅ ልኮ ከደሙ የሚመለሰውን ይቀዳል። መደራረብና መርጋት ይለያያሉ። የረጋ ደም ፍሰቱ ስለፈጠነ ብቻ ተመልሶ አይፈታም፤ የተደራረቡ ሴሎች ግን ፍሰቱ ሲዘገይ እንደ ሳንቲም ቁልል ተያይዘው፣ ሲፈጥን ይበታተናሉ። ፋይብሪኖጅን የተባለው የደም ፕሮቲን ሲበዛ ቁልሉ ይረዝማል፣ የሚመልሰው ድምፅም ይጎላል።

ቫንቴጅ ለዚህ የሚመረጠው ጥሬውን ሲግናል ሳያሳምር ስለሚሰጥ ነው። የሆስፒታል ማሽን ምስሉ እንዲያምር ሲግናሉን ጨምቆ ስለሚያሳይ፣ ከስክሪኑ ላይ የንጣት ልክ አንብቦ ሁለት ናሙና ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ፕሮቡ (ድምፁን የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል) ኤል 22-14 ቪ ቢሆን ይሻላል፤ 128 ኤለመንቶቹ (ጥቃቅን መላኪያና መቀበያዎቹ) በ0.1 ሚሊሜትር ርቀት ተደርድረዋል። በ18 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 87 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው፤ የሴሉ ስፋት 8 ብቻ። ሴሉ ከሞገዱ እጅግ ስለሚያንስ፣ ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ሲሆን ከነጠላ ሴሎች የሚመለሰው ኃይል 16 እጥፍ ያድጋል። ጉዳቱ ጥልቀት ላይ ነው፤ ከቆዳ ሥር ካለ ደም ሥርና ከመለኪያ ቱቦ አልፎ ብዙ አይሄድም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢዲቲኤ (መርጋትን የሚከለክል ኬሚካል) የገባበትን ደም በዚያው ቀን፣ ሄማቶክሪቱን (የቀይ ሴሎቹን ድርሻ) 40 በመቶ፣ ሙቀቱን 37 ዲግሪ አድርጎ ማዘጋጀት። ቁልሉ እንዲፈርስ ደሙን በመለኪያ ቱቦው ውስጥ ግማሽ ደቂቃ በፍጥነት ማሽከርከር፣ በድንገት ማቆም፣ ወዲያው መቅዳት። ሲግናሉ በስንት ሰከንድ ከፍ ብሎ በምን ልክ ላይ እንደቆመ ነው የሚፈለገው። ደቂቃዎች ካለፉ ሴሎቹ መዝቀጥ ስለሚጀምሩ የኋለኛውን ቅጂ መተው ነው። ፕላዝማው ታጥቦ በሳላይን (የጨው ውሃ) የተተካ ናሙናም ጎን ለጎን ይለካ፤ ያለ ፕላዝማ ሴሎቹ ስለማይደራረቡ፣ የእሱም ሲግናል ከፍ ካለ አረፋ ሳይገባ አልቀረም። ከሁሉም የሚያታልል አረፋ ነው! የቱቦው ግድግዳ የሚመልሰው ድምፅ ደሙን ከሸፈነው ፕሮቡን ጥቂት ዲግሪ ማዘንበል ይረዳል።

ድክመቱ፣ ሁሉም ነገር ማትላብ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ በሚጻፍ ኮድ ነው የሚታዘዘው። በናሙናዎች መካከል ቮልቴጁ ወይም የጥልቀት ማጉያው (ከጥልቅ የሚመለሰውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው) ከተነካ የሚወዳደረው ደሙ ሳይሆን ቅንብሩ ይሆናል፤ ማሽኑ ደግሞ ስህተቱን አይነግርም።

ኢኤስአር (ቀይ ሴሎች የሚዘቅጡበትን ፍጥነት) ብቻ ለሚፈልግ ላቦራቶሪ ይህ ሁሉ ትርፍ ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ የዌስተርግረን ቱቦና አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ለምርምር የሚገዛው ደግሞ ለልምምድ ብሎ ከቄራ የበሬ ደም እንዳያመጣ፤ የበሬ ቀይ ሴል አይደራረብም። የአሳማ ወይም የፈረስ ይሁን።