በውሽውሽ እናቴን በክብር ላስጎበኘልን የቦንጋ ልጅ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ጥር ወር እናቴን ይዤ ወደ ካፋ ዞን፣ ወደ ውሽውሽ የሻይ እርሻ ሄጄ ነበር። እዚያ ለሁለት ቀን ያስጎበኘን ወጣት የዋለልን ውለታ የተስማማንበትን ሂሳብ በመክፈል ብቻ የሚታለፍ ሆኖ ስላላገኘሁት፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና ወደዚያ ለመሄድ ለምታስቡ ሁሉ እርሱን ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ።

እናቴ እኔንና እህቶቼን ያሳደገችን መርካቶ ውስጥ ሻይ አፍልታ በመሸጥ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በየማለዳው 11 ሰዓት ላይ ከሰል አያይዛ፣ ትልቁን ማንቆርቆሪያ ጥዳ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምራ ለጫኝና አውራጁ ስታቀርብ ኖራለች። ይሁን እንጂ የሻይ ተክል ምን እንደሚመስል በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። ጡረታ ወጣሁ ብላ ቤት ከዋለች ወዲህ ይህንን ላሳያት እመኝ ነበርና ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋር ተዋውዬ ቀብድ ከፈልኩ። ድርጅቱ ግን መነሻችን ሁለት ቀን ሲቀረው ተጓዥ አልሞላም ብሎ ሰረዘው። እናቴ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ስለነበር መቅረቱን ልነግራት አልቻልኩም።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዚህን ልጅ ስልክ የሰጠኝ። ደውዬ ሁኔታውን ሳስረዳው ከዋጋ አስቀድሞ የጠየቀኝ ስለ እናቴ ጉልበት ነበር፤ ዳገት መውጣት ትችል እንደሆነ፣ ምን ያህል ከተራመደች በኋላ ማረፍ እንደምትፈልግ፣ የምትወስደው መድኃኒት ካለ በስንት ሰዓት እንደሆነ አንድ በአንድ አጣራ። ከአዲስ አበባ ቦንጋ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅም በአንድ ቀን እንዳንጓዝ፣ ጅማ አድረን በማግስቱ እንድንቀጥል መከረን። ቦንጋ መናኸሪያ ስንደርስ ለእናቴ ልክ የተቆረጠ ምርኩዝ ይዞ ቆሞ አገኘነው።

ውሽውሽ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚሸፍናት ጸጥ ያለች የኮረብታ መንደር ናት። እርሻው ከመንደሩ ዳር ይጀምርና ኮረብታውን ሁሉ አልብሶ ከደኑ ጠርዝ ድረስ ይዘልቃል። ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ልጁ ግን ቀድሞ ጨርሶ ስለነበር በር ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆምንም።

ሴቶቹ ቅርጫት በጀርባቸው አዝለው፣ ከጫፍ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ ብቻ እየቀነጠሱ ወደ ኋላ ሲወረውሩ እናቴ ለረጅም ጊዜ ቆማ ተመለከተች። ልጁ ፈቃድ ጠይቆ አንዲት ጫፍ አስቀነጠሳት። አሽታ አሸተተችውና "ይሄማ ሣር ሣር ነው የሚለው፤ ሻይ ሻይ አይልም!" አለች። እርሱም በማክበር፣ "እማማ፣ በደንብ ይሹትና በነጠላዎ ጫፍ ቋጥረው ይያዙልኝ፤ ማታ እንፈታዋለን" አላት።

ከዚያ በኋላ የወሰደን በእርሻውና በደኑ መካከል በሚያልፍ የእግር መንገድ ነበር። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር (የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ) አካል በመሆኑ፣ ዛፍ ፈጽሞ የማይነካበት ክልልና ነዋሪው ቡና፣ ማርና ኮረሪማ የሚሰበስብበት ክልል እንዴት እንደሚለይ እየቆመ አስረዳን፤ ከፍ ባሉ ዛፎች ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች፣ ግንድ ተጠምጥሞ የሚወጣውን ጥምዝ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘሉትን ጉሬዛዎች አሳየን። ማብራሪያውን የሚሰጠው ሁልጊዜ እናቴ መቀመጫ ባገኘችበት ቦታ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። በኋላ ስጠይቀው፣ ከመምጣታችን በፊት በነበረው ቀን መንገዱን ብቻውን ተጉዞ የማረፊያ ቦታዎቹን መርጦ እንደነበር ነገረኝ። አንድ ስፍራ ላይ ገብረ ጉንዳን መንገዱን አቋርጦ ሲተም ከሩቅ ለይቶ አስቆመን፤ እናቴን ደግፎ በዳር ካሻገረ በኋላ የሱሪዬን ጫፍ ካልሲዬ ውስጥ እንድከት አሳሰበኝ።

ማታ ማረፊያችን ስንመለስ እናቴ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል፤ ሽታውም ተለውጧል። ልጁ በፋብሪካ የሚደረገውም ይኸው መሆኑን፣ ቅጠሉ ከጠወለገ በኋላ ተፈጭቶ አየር ሲያገኝ እንደሚጠቁርና በመጨረሻ በሙቀት እንደሚደርቅ፣ አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘትም አራት ኪሎ ተኩል ገደማ እርጥብ ቅጠል እንደሚያስፈልግ ነገራት። እናቴ ስንት ኪሎ አፍልታ እንደሸጠች በጣቷ ስትቆጥር ቆየችና "ለካ ስንት እጅ ነክቶት ነው እኔ ጋ የሚደርሰው" ብላ ዝም አለች። የነጠላዋ ጫፍ ላይ የቀረውን ቡናማ ምልክት እስከ ዛሬ አላስለቀቀችውም።

ስለ ክፍያው ለምትጠይቁኝ፣ የተስማማንበትን ዋጋ እስከ መጨረሻው አልጨመረም፤ ሁለተኛው ቀን በዝናብ ምክንያት ሲያጥርብን እንዲያውም ከፊሉን ሊመልስልኝ ሞክሮ ነበር። ስሙን ያልጻፍኩት ፈቃዱን ስላልጠየቅሁ ነው፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እርሱን አስፈቅጄ አገናኛለሁ። በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ያለ አንዳች ጥርጣሬ እርሱን እንድትይዙ እመክራለሁ። ስትደውሉለት ስለ ጉልበታቸውና ስለ መድኃኒታቸው ሳትደብቁ ንገሩት፤ መንገዱን የሚመርጠው በዚያ ነው። ደኑ በበጋም ስለሚዘንብበት የዝናብ ልብስና የማያንሸራትት ጫማ መያዝ አትርሱ።

ወንድሜ፣ እናቴ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እደግ ተመንደግ" ብላሃለች። እኔም ከልብ አመሰግንሃለሁ።