ለመጋዘን የሚሆነው የትኛው ነው? ባለ ሁለት እግር ሮቦት፣ ባለ ጎማ ወይስ ባለ ክንድ

መጋዘን የሚያስተዳድር ሰው፣ ሁለት እግር ያለው ሮቦት ሳጥን ተሸክሞ ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ እስካሁን ሳይደርሰው አልቀረም። አንዱ ዘመድ ወይም አለቃ «ይህን አይተኸዋል?» ብሎ በቴሌግራም ይልከዋል። ቪዲዮው ያምራል። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ እግሩ ጎማ የማይሠራውን ምን ይሠራል?

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ዕቃን ከቦታ ቦታ ለማድረስ ብቻ ከሆነ ጎማ በዋጋ ይረክሳል፣ በጉልበትም ይበልጣል። ካርቶን ከኮንቴይነር ለማውረድ ከሆነ ባለ ክንዱ ማሽን ይሻላል። እግር የሚያዋጣው በሁለት ማሽኖች መካከል ሰው ቆሞ ቀኑን ሙሉ ሳጥን በሚያቀባብልበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ ሁሉም መጋዘን ውስጥ የለም።

ዲጂት ጆርጂያ ውስጥ የሚሠራው

ከባለ ሁለት እግሮቹ በመጋዘን ሥራ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ዲጂት ነው። ሠሪው አጂሊቲ ሮቦቲክስ ከኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምርምር ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ከአትላንታ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ፍላወሪ ብራንች፣ ጂኤክስኦ የተባለው የሎጂስቲክስ ድርጅት የስፓንክስን ልብሶች የሚያስተናግድበት መጋዘን አለ። ዲጂት እዚያ በ2023 መጨረሻ ተሞከረ፤ በሰኔ 2024 ደግሞ ለብዙ ዓመታት በሚቆይ የኪራይ ውል መደበኛ ሥራ ጀመረ።

ሥራው ቀረብ ብሎ ለሚያየው ይህን ይመስላል። ሠራተኞች ዕቃ የሞሉበትን የፕላስቲክ ሳጥን አንድ ባለ ጎማ ሮቦት ተሸክሞ ይመጣና ይቆማል። ዲጂት ፊት ለፊቱ ይጠጋል፤ ጉልበቱ እንደ ወፍ ወደ ኋላ ታጥፎ ዝቅ ይላል። ጣት የለውም። ሳጥኑን በሁለት መዳፎቹ ግራና ቀኝ ጫን ብሎ ይይዝና ያነሳዋል፤ ዞሮ ጥቂት ይራመድና ኮንቬየር (ዕቃ እየወሰደ የሚሄድ ተንቀሳቃሽ መስመር) ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሳጥን ይመለሳል።

ልብ ይበሉ፤ ረጅሙን መንገድ የሄደው ጎማው ነው፣ እግሩ የያዘው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች ነው። አማዞንም በጥቅምት 2023 ሲያትል አጠገብ ዲጂትን እሞክራለሁ ሲል የሰጠው ሥራ ባዶ ሳጥኖችን አንስቶ መመለስ ነበር። የአማዞንን ጉዳይ ካነሳን አይቀር፣ ይህ ድርጅት በ2012 ኪቫ የተባለውን የሮቦት ኩባንያ በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በ2025 ያሰማራቸው ሮቦቶች ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደርሷል። የዚህ ሠራዊት ጀርባ አጥንት መደርደሪያ ሥር ገብቶ ከነጭነቱ የሚያነሳው ባለ ጎማ ነው።

ፍጥነቱስ? አጂሊቲ በኅዳር 2025 ዲጂት ፍላወሪ ብራንች ላይ ከ100,000 በላይ ሳጥን ማንሳቱን አስታውቋል። ቁጥሩ ሲነበብ ትልቅ ነው። ከሰኔ 2024 ጀምሮ ቢቆጠር ግን በቀን በአማካይ ወደ ሁለት መቶ ሳጥን ይወጣዋል፤ ያንን አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። አማካዩ ሮቦቱ የቆመባቸውን ቀናት ሁሉ ስለሚጨምር የፍጥነቱን ጣሪያ አያሳይም። ቢሆንም ሻጭ ትልቅ ድምር ሲነግርዎ ለቀንና ለሰዓት አካፍለው ይዩት።

ኃይል ሲቋረጥ

ገዢዎች ብዙ ጊዜ ሳይጠይቁት የሚያልፉት ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው። ባለ ጎማ ማሽን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፉ ሲጫን ባለበት ይቆማል፣ አለቀ። ባለ ሁለት እግር ሮቦት ግን ቆሞ የሚታየው ሞተሮቹ በየቅጽበቱ ሚዛኑን ስለሚያስተካክሉለት ነው። ኃይሉን ቢቆርጡበት ይወድቃል። 65 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት፣ እጁ ላይ ካለው ሳጥን ጋር፣ አጠገቡ ባለው ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። በ2023 ቺካጎ ውስጥ በፕሮማት ኤግዚቢሽን ላይ ዲጂት ሳጥን ሲያመላልስ ቆይቶ በተመልካች ፊት ተዘርሮ ነበር፤ ቪዲዮው ዓለምን ዞሯል።

ስለዚህ በዛሬው አሠራር ሰው ወደማይገባበት፣ በአጥር ወይም ሰው ሲያልፍ በሚያውቅ የብርሃን መጋረጃ ወደተከለለ ቦታ ያስገቡታል። ሲሸጥ «ለሰው በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ከሰው ጋር ይሠራል» ይባልለታል፤ ሲገጠም ከሰው ይነጠላል። ሚዛኑን በእንቅስቃሴ ለሚጠብቅ ሮቦት የሚሆነው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይሶ) የደህንነት መስፈርት፣ አይሶ 25785-1፣ ገና እየተረቀቀ ያለ ነው። ለባለ ጎማዎቹ ግን እንደ አይሶ 3691-4 ያለ የታወቀ መስፈርት አለ፤ ኢንሹራንስ ሰጪዎ የሚያነበውም እሱን ነው። መጋዘንዎ ጠባብ ከሆነ የዲጂትን ስፋት ሳይሆን የሚከለልለትን ቦታ ስፋት ይለኩ።

ጎን ለጎን

| ማሽን | የሚቆመው | የሚችለው ጭነት | የሚመቸው ሥራ |
|---|---|---|---|
| ዲጂት | በሁለት እግር | 16 ኪሎ | ሳጥን ከጋሪ ወደ ኮንቬየር |
| አፖሎ (አፕትሮኒክ፣ ቴክሳስ) | በሁለት እግር | 25 ኪሎ | ሳጥንና የፋብሪካ ዕቃ ማቀበል |
| ስትሬች (ቦስተን ዳይናሚክስ) | በጎማ፣ አንድ ክንድ | 23 ኪሎ | ካርቶን ከተጎታች ወይም ከኮንቴይነር ማውረድ |
| ሚር 250 (ዴንማርክ) | በጎማ | 250 ኪሎ | ከክፍል ወደ ክፍል ማመላለስ |

ሠንጠረዡ የማይናገረውን ልጨምር። አፖሎ በወረቀት ላይ ከዲጂት የበለጠ ያነሳል፤ ባትሪውም አራት ሰዓት ገደማ ሠርቶ በሌላ ስለሚቀየር ቻርጅ እስኪሞላ መቆም የለበትም። መርሴዲስ ቤንዝ በ2024 ሊሞክረው ተዋውሏል። የደንበኛ መጋዘን ውስጥ በክፍያ ውል በመሥራት ግን ዲጂት ይቀድመዋል፤ ዛሬ እግር መግዛት ግድ ቢሆንብኝ ለዚህ ስል ወደ ዲጂት አደላለሁ።

ስለ ርካሾቹም ይጠየቃል። የቻይናው ዩኒትሪ ጂ1 ለገበያ ሲቀርብ 16,000 ዶላር ተባለ፤ ይህን የሰማ «ሁለት እንግዛ» ይላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው፤ ክንዱ የሚያነሳው ከ2 እስከ 3 ኪሎ። ለዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ጥሩ ዕቃ ነው። ለመጋዘን ግን አይሆንም።

ስትሬች መልኩ አያምርም፤ አራት ማዕዘን ጋሪ ላይ የቆመ አንድ ረጅም ክንድ ነው። ክንዱ ጫፍ ላይ አየር የሚስቡ መምጠጫዎች አሉት፤ ካርቶኑን ፊቱን ይዞ ጎትቶ ኮንቬየር ላይ ይጥለዋል። ግን ሥራው ተፈትኗል። ዲኤችኤል በጥር 2022 የ15 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ጀመረ፤ በግንቦት 2025 ደግሞ ከ1,000 በላይ ተጨማሪ ለማሰማራት ተስማማ። አንድ ትልቅ ደንበኛ ሞክሮ ተመልሶ ሲገዛ ከማንኛውም ቪዲዮ በላይ ያሳምነኛል። ወለሉ ላይ በካርቶን ተጠቅጥቆ የሚመጣ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር በየቀኑ የሚያወርድ ድርጅት እግር ያላቸውን ትቶ እሱን ይመልከት።

ሚርና መሰሎቹ ወለል ላይ መስመር ሳይሰመርላቸው በሌዘር ካርታ ሠርተው ይሄዳሉ። ደረጃ አይወጡም፤ የመጋዘን ዕቃ ደግሞ በደረጃ ሲወጣ ብዙም አይታይም። የሚጎድላቸው እጅ ነው። ካደረሱ በኋላ አንድ ሰው ማውረድ አለበት፣ ወይም መቀበያ ኮንቬየር ይገጠማል። ይህ መቀበያ በተለመደ ዕቃ የሚሠራ ከሆነ ዲጂት የሚሞላው ክፍተት ራሱ ይጠፋል፤ ሻጩ ይህን ቀድሞ አይነግርዎትም።

አዲስ አበባና አትላንታ

አገር ቤት ያለ ነጋዴ ከሮቦቱ በፊት ጭነቱን ይመዝን። ጤፍ በኩንታል ይመጣል፣ 100 ኪሎ። ለውጭ ገበያ የሚሄድ ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ይታሸጋል። ዲጂት 16 ኪሎ ያነሳል፤ ሒሳቡ እዚህ ላይ ያልቃል። ጆንያ ቅርጽ ስለሌለው ለዲጂት መዳፍም ለስትሬች መምጠጫም አይገዛም። ቃሊቲ ላይ ጆንያ የሚያወርድ የጫኝና አውራጅ ማኅበር ያለው ድርጅት ጭነቱን ከመነሻው ፓሌት ላይ ቢያስደረድርና ደህና ፎርክሊፍት ቢገዛ፣ የሠራተኞቹንም ወገብ ያድናል፣ ገንዘቡንም።

መድኃኒት ወይም መለዋወጫ በአንድ ዓይነት ሳጥን የሚያከፋፍል ግን ባለ ጎማውን ሊያስብ ይችላል። ወለሉ የተስተካከለ ይሁን፤ በየበሩ ያለው ከፍ ያለ ደፍ ይነሳ። መብራት ሲጠፋ ሮቦቱ በባትሪው ይቆያል፤ ዋይፋዩና ሰርቨሩ ግን ጄኔሬተር እስኪነሳ የሚያቆያቸው ባትሪ ይፈልጋሉ። ከዚህ የሚከብደው መለዋወጫው ነው። አንድ የተበላሸ ሴንሰር በውጭ ምንዛሪ እስኪመጣ ማሽኑ ስንት ሳምንት ይቆማል? ለዚህ የጽሑፍ መልስ ሳይዙ አይፈርሙ።

አትላንታ ወይም ሰሜን ቨርጂኒያ አነስተኛ መጋዘን የሚያንቀሳቅሱ ወገኖቻችን ሌላ ሒሳብ አላቸው። የሰዓት ደመወዙ ከፍ ያለ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ቶሎ ይለቃል፤ ቴክኒሻን ደግሞ በመኪና ይደርሳል። እዚያም ቢሆን ዲጂትን ለመጠየቅ ሦስቱ አብረው መገኘት አለባቸው፦ ሳጥኑ አንድ ዓይነትና ከ16 ኪሎ በታች፣ ማቀባበሉ ቢያንስ ሁለት ፈረቃ የማይቋረጥ፣ ለተከለለው ቦታም የሚበቃ ወለል። አንዱ ከጎደለ ባለ ጎማውን ይጠይቁ።

ውሉ ላይ ሲደርሱ ሙከራው በእርስዎ ሳጥን፣ በእርስዎ ወለል፣ ሥራ በሚበዛበት ሰሞን እንዲሆን ያስጽፉ። አሜሪካ ከሆኑ ኅዳርና ታኅሣሥ ይግቡበት። ሮቦቱ ሲወድቅ ማን እንደሚያነሳው፣ የተሰበረውን ዕቃ ማን እንደሚከፍል፣ በርቀት የሚያግዘው የሻጩ ሠራተኛ በሰዓት ስንት ጊዜ ጣልቃ እንደገባ የሚያሳይ መዝገብ ለእርስዎ መድረስ አለመድረሱን በግልጽ ያስገቡ። ኪራዩንም በወር ከመክፈል በተነሳ ሳጥን ልክ እንዲሆን ይጠይቁና መልሱን ይስሙ።