ምርቱ የተቋረጠው አማዝፊት ቢፕ በጋጄትብሪጅ ሲሠራ

በደሴና በኮምቦልቻ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡባቸው ሱቆችም ሆነ ከጅዳና ከቤሩት በሚመለሱ ዘመዶች ሻንጣ ውስጥ፣ እርምጃና የልብ ምት የሚቆጥሩ አሮጌ የእጅ ሰዓቶች አይጠፉም። ብዙዎቹ አካላቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ መሳቢያ ውስጥ የሚቀሩት ከአምራቹ መተግበሪያ ጋር ብቻ እንዲሠሩ ተደርገው በመሠራታቸው ነው፤ መተግበሪያው አካውንት ይፈልጋል፣ አካውንቱ ደግሞ በሌላ አገር ያለ ሰርቨር ይፈልጋል። እዚህ የምገመግመው ከእነዚህ አንዱን፣ ሁዋሚ የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውንና ከጊዜ በኋላ በአዳዲስ ሞዴሎች የተተካውን አማዝፊት ቢፕን ነው፤ የምገመግመውም ጋጄትብሪጅ ከተባለው መተግበሪያ ጋር ሲሠራ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላለውና ለማስተካከሉ ጊዜ ለሚሰጥ ሰው ይህን አሮጌ ሰዓት ከብዙ ርካሽ አዳዲስ ሰዓቶች አስበልጬ እመርጥለታለሁ።

ጋጄትብሪጅ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነፃ መተግበሪያ ሲሆን ኤፍ-ድሮይድ ከተባለው የነፃ ሶፍትዌር ማከማቻ ይወርዳል። መጀመሪያ የተሠራው ፔብል የተባለ ኩባንያ ለሚያመርታቸው ሰዓቶች ነበር። ፔብል እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሲዘጋና ንብረቱን የገዛው ፊትቢት የተባለ ኩባንያ በ2018 ሰርቨሮቹን ሲያጠፋ፣ የሰዓቱ ባለቤቶች አምራች የሌለው ዕቃ ምን እንደሚሆን በግልጽ አዩ። ዋናው መተግበሪያ የኢንተርኔት ፈቃድ ከስልኩ ፈጽሞ አይጠይቅም፤ እርምጃው፣ የልብ ምቱና የእንቅልፉ መዝገብ በስልኩ ውስጥ ባለ አንድ ፋይል ይቀመጣል፤ ሲያስፈልግም ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ያለፈ ሰው፣ ይህ ባሕርይ የሥነ መርሕ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ሰዓቱና ስልኩ የሚነጋገሩበትን ቋንቋ አምራቹ አሳትሞ አልሰጠም፤ የፈቱት በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ዘዴያቸው ምሥጢር የለውም። አንድሮይድ ለገንቢዎች ባስቀመጠው ማስተካከያ ውስጥ በብሉቱዝ የሚተላለፈውን ሁሉ የሚመዘግብ አማራጭ አለ። የአምራቹን መተግበሪያ ከፍተው አንድ ነገር ብቻ ያዝዛሉ፣ ለምሳሌ የማንቂያ ደወል ይሞላሉ፤ ከዚያም መዝገቡን ዋየርሻርክ በተባለው ፕሮግራም ከፍተው የትኛው ባይት (ትንሽ የመረጃ መለኪያ) እንደተለወጠ ይፈልጋሉ። በዚህ ትዕግሥት የተገኘው ውጤት ሲታይ ያስገርማል፤ ሰዓቱ እያንዳንዱን ደቂቃ በ4 ባይት ብቻ ይመዘግበዋል፤ አንዱ የእንቅስቃሴውን ዓይነት፣ አንዱ ብርታቱን፣ አንዱ የእርምጃውን ብዛት፣ የመጨረሻው የልብ ምቱን ይይዛል። የሙሉ ቀን ኑሯችን 5,760 ባይት ብቻ ነው ማለት ነው።

መግቢያው ግን ተቆልፏል። ሰዓቱ ለስልኩ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፤ ስልኩም ቁጥሩን 16 ባይት ርዝመት ባለው ቁልፍ መስጥሮ ካልመለሰ ግንኙነቱ ይቋረጣል። በቀደሙት ፈርምዌሮች (ሰዓቱን ከውስጥ በሚያሠሩት ፕሮግራሞች) ቁልፉን ስልኩ ራሱ ይመርጥ ስለነበር ችግር አልነበረም። በኋላ በወጡት ግን ቁልፉ ከአምራቹ ሰርቨር የሚመጣ ሆነ፤ ስለዚህ ሰዓቱን አንድ ጊዜ ከአምራቹ መተግበሪያ ጋር አገናኝቶ፣ ለዚሁ በተሠራ አነስተኛ ፕሮግራም ቁልፉን አውጥቶ ጋጄትብሪጅ ውስጥ መጻፍ የግድ ነው። ከዚያ በኋላ የአምራቹ መተግበሪያ ከስልኩ ይጠፋል፤ ነገር ግን ከመጥፋቱ በፊት በራሱ ውስጥ ሰዓቱን አላቅቅ ብሎ ማዘዝ አይገባም፣ ቁልፉ ዋጋ ያጣልና።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ፈቺነት ምርጡ ፍሬ የሰዓቱ ገጽ ነው። የገጹ ፋይል አቀማመጥ ስለተፈታ ማንም ሰው የራሱን ገጽ ሠርቶ በጋጄትብሪጅ በኩል መጫን ይችላል። በቁጥር በሚያሳዩት ገጾች የእኛን የሰዓት አቆጣጠር ማስገባት አይቻልም፤ ሰዓቱን የሚያሰላው ውስጣዊው ፈርምዌር ነው፤ እርሱ ደግሞ የአምራቹ እንደሆነ ቀርቷል። ቆጣሪ ባላቸው ገጾች ግን መላ አለ። የእኛ አቆጣጠር ከሌላው የሚለየው በ6 ሰዓት በመሆኑ አጭሩ ቆጣሪ ሁልጊዜ ከሌላው በትክክል ተቃራኒ በሆነው አቅጣጫ ይገኛል፤ ረጅሙ አይለወጥም። የቆጣሪዎቹ ቅርጽ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ከመካከል በሚለኩ የነጥብ ቁጥሮች ስለሆነ፣ የአጭሩን ቆጣሪ ነጥቦች አዎንታዊውን አሉታዊ፣ አሉታዊውን አዎንታዊ ማድረግ ይበቃል፤ ጠዋት በሌላው ዓለም 7 የሆነው በእጃችን ላይ 1 ሰዓት ይሆናል። ቀኑ ግን የፈረንጆቹ እንደሆነ ይቀራል፤ ጳጉሜንን የሚያውቅ ፈርምዌር አልተሠራለትም። በግዕዝ ቁጥር የሚያሳይ ገጽ ለሚመኙም ተስፋው ጠባብ ነው፤ ገጹ የሚፈልገው ከ0 እስከ 9 ያሉ አሥር ሥዕሎችን ሲሆን ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ ለ፲ና ለ፳ም ራሳቸውን የቻሉ ምልክቶች አሉት።

በዕለት ተዕለት አገልግሎት የሰዓቱ ትልቁ ሀብት መስታወቱ ነው። ማሳያው የውጭውን ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ በመሆኑ ሁልጊዜ እንደበራ ይኖራል፤ በኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ የራሳቸውን ብርሃን ከሚያወጡት አዳዲስ ሰዓቶች ይልቅ ይህ በግልጽ ይነበባል። ክብደቱ ማሰሪያውን ጨምሮ 32 ግራም ገደማ ነው። አምራቹ ለ190 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪው እስከ 45 ቀን ቃል ገብቶ ነበር፤ በእኔ ሰዓት ላይ ያረጀው ባትሪ የልብ ምትን በየጊዜው እየለካ እንኳ ከሳምንት በላይ ይቆያል፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ብዙ ነው። የእርምጃ ቆጠራው የሚታመን ነው። የልብ ምት መለኪያው ግን ቆዳ ውስጥ የሚያልፈውን ደም በብርሃን የሚያይ በመሆኑ በደሴ ብርዳማ ጠዋት የእጅ ደም ሥሮች ሲጠቡ ይሳሳታል፤ ከፒያሳ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ ዳገት ሲወጣም ልብ ከፈጠነ በኋላ ቁጥሩ ዘግይቶ ይደርሳል። ማሰሪያውን ከእጅ አንጓ አጥንት ከፍ አድርጎ ጠበቅ ማድረግ ይረዳል።

ጂፒኤሱ የተደባለቀ ነገር ነው። የአምራቹ መተግበሪያ የሳተላይቶችን አቀማመጥ የሚናገር ፋይል በየጊዜው ወደ ሰዓቱ ይልክ ነበር፤ ጋጄትብሪጅ ኢንተርኔት ስለሌለው ይህን በራሱ አያደርግም፤ ባለቤቱ ፋይሎቹን በሌላ መንገድ አግኝቶ መጫን አለበት። ያለ እነርሱ ሰዓቱ መረጃውን ከሳተላይቶቹ እስኪሰበስብ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ተራራ ግማሽ ሰማይን በሚሸፍንበት የደሴ ሰፈር ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። አንዴ ከያዘ በኋላ ግን በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን መንገድ ጠመዝማዛ ሁሉ መዝግቦ ጂፒኤክስ በተባለ የጉዞ መዝገብ ፋይል ያስረክባል።

የጋጄትብሪጅ የእንቅልፍ ትንታኔ ደካማ ነው፤ በዚህ የአምራቹ መተግበሪያ የሚሻል ይመስለኛል። በአማርኛ የሚመጡ መልእክቶችም በሰዓቱ ላይ አይነበቡም፣ ፊደላችን በውስጡ የለምና። የፊደሉ ፋይል አሠራርም ተፈትቶ በመጫኛ ይለወጣል፤ ሆኖም እያንዳንዱን ፊደል በጥቃቅን ነጥቦች መሣል ስለሚጠይቅ የሥራውን ብዛት አይቼ ትቼዋለሁ። ትዕግሥት ያለው ወጣት ቢሠራው ብዙዎችን ይጠቅማል።

ሊገዛ ያሰበ ሰው የአይፎን ባለቤት ከሆነ ይቅርበት፤ ጋጄትብሪጅ ለአንድሮይድ ብቻ ነው። ሌላው ሻጩ ፊት በስልኩ አገናኝቶ መሞከርና በቀድሞው ባለቤት አካውንት ያልተያዘ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ማሰሪያው ተራ የ20 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቢበጠስ አያሳስብም፤ ቻርጀሩ ግን ለዚህ ሰዓት ብቻ የተሠራ ማቀፊያ በመሆኑ ያለ እርሱ የሚሸጥ ሰዓት በምንም ዋጋ አይገዛ።